ካረጁም ይበጃሉ

የእናቶች ዓምድ



«ካረጁ አይበጁ» የሚል አባባል አለ። ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። አባባሉ በወንድም በሴትም ላይ ይነገራል። በሴት ላይ ሲሆን ግን ይበረታል። ወንድ ሲያረጅ «ሽማግሌ» ይባላል። ለእርቅ ይጠራል። ድንበር ሲገፋ ይዳኛል። በሠርግ ላይ ይመርቃል። ሴት ስታረጅስ? ጥግ ይሰጣታል። «አንቺማ ከእንግዲህ ምን ቀረሽ? መቁጠሪያሽን ይዘሽ ቁጭ በይ» ትባላለች። ሙስሊሟም እንዲሁ «ሙስባሃሽን ይዘሽ ቁጭ በይ» ትባላለች።

ጸሎት መልካም ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ግን እስቲ እናስብ። ሃምሳ ስልሳ ዓመት ቤት ያቆመ፣ ልጅ ያሳደገ፣ ዘር የለየ፣ ሕመምተኛ ያስታመመ እጅ በአንድ ቀን ባዶ ይሆናል ወይ? ያን ሁሉ ያየ አእምሮስ በአንድ ቀን ይደርቃል ወይ? አይደርቅም።

ይህን የምንለው እንዲያው ለማጽናናት አይደለም። በሥራ ያሳዩ ሴቶች ስላሉ ነው። ዛሬ የአንዲቱን ታሪክ በሰፊው፣ የሌሎቹን በአጭሩ እንነግራችኋለን። ከዚያም ወደ ራሳችን ቤት እንመለሳለን። ዓመቶቹን የጻፍነው በእኛ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ጎጎ የተባሉት አያት

ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ንዳላት የምትባል መንደር አለች። መንደሯ ያለችው በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ነው። በዚያ አገር ካለንጂን የሚባሉ ሕዝቦች ይኖራሉ። በቋንቋቸው «ጎጎ» ማለት አያት ማለት ነው።

ፕሪሲላ ሲቲኔይ የሚባሉ ሴት በዚያች መንደር ይኖሩ ነበር። የተወለዱት በ1915 ዓ.ም. ገደማ ነው። ያን ጊዜ ኬንያን የሚገዛው እንግሊዝ ነበር። ፕሪሲላ በልጅነታቸው ትምህርት ቤት የመግባት ዕድል አላገኙም። አደጉ፤ ወለዱ፤ ከበዱ። ኬንያ በ1956 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ የአርባ ዓመት ገደማ ሴት ነበሩ። ፊደል ግን አያውቁም ነበር።

ፊደል አያውቁም ማለት ሥራ አያውቁም ማለት አይደለም። ፕሪሲላ የልምድ አዋላጅ ነበሩ። ከ60 ዓመት በላይ የመንደራቸውን ሴቶች አዋልደዋል። የሚጠቅም ቅጠልና ሥር ያውቁ ነበር። መንደሩ በሙሉ «ጎጎ» ይላቸው ነበር። እኛም ከዚህ በኋላ ጎጎ እያልን እንጠራቸዋለን።

ጎጎ ለምን ተማሪ ቤት ገቡ?

ነገሩ የጀመረው በአንዲት የልጅ ልጅ ልጃቸው ነው። ልጅቱ ተማሪ ነበረች። አረገዘችና ትምህርቷን አቋረጠች። ጎጎ አዘኑ። ልጅቱን ጠርተው «የተከፈለ የትምህርት ቤት ገንዘብ ተርፎሻል ወይ?» ብለው ጠየቋት። ልጅቱ «አዎ፣ ተርፏል» አለች። «እንግዲያው በዚያ ገንዘብ እኔ ልማርበት» አሏት። ቀልድ መስሎ ነበር። ልባቸው ግን ልጅቱ አፍራ ትመለሳለች የሚል ነበር። ልጅቱ አልመለስም አለች። ጎጎም የተናገሩትን አላጠፉም። ራሳቸው ሄዱ።

ትምህርት ቤቱ በመጀመሪያ አልቀበልም አለ። ማን ይፈርድበታል? የ87 ዓመት ገደማ ሴት መጥተው «መዝግቡኝ» ሲሉ ማን ያምናል? ጎጎ ግን አልተመለሱም። ቁርጥ ሐሳብ እንዳላቸው ሲታይ ተቀበሏቸው። ይህ የሆነው በ2002 ዓ.ም. ገደማ ነው።

እንደ ልጆቹ የተማሪ የደንብ ልብስና አረንጓዴ ሹራብ ለበሱ። ከልጆቹ ጋር አንድ ክፍል ተቀመጡ። ሒሳብ ተማሩ። እንግሊዝኛ ተማሩ። የሰውነት ማጎልመሻ ሲባልም አልቀሩም። ዘፈንና ድራማም ነበረ። የልጅ ልጅ ልጆቻቸውም በዚያው ትምህርት ቤት ይማሩ ነበር። የሚገርመው ሌላም አለ። ከክፍል ጓደኞቻቸው መካከል ራሳቸው ጎጎ ያዋለዷቸው ልጆች ነበሩ። በእጃቸው የተቀበሏቸው ሕፃናት ጥቁር ሰሌዳ ፊት አብረዋቸው ተቀመጡ።

ጎጎ የሚያድሩት እዚያው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነበር። ማታ ማታ ለልጆቹ ተረት ይነግሯቸዋል። ስለ አገሩ ልማድ ይነግሯቸዋል። ልጆቹ ፊደሉን ያሳይዋቸዋል። እሳቸው ደግሞ በመጽሐፍ ያልተጻፈውን ይነግሯቸዋል። የክፍል አለቃም ሆነው ነበር። ማን ይረብሻል? ጎጎ እያዩ!

ጎጎ ምን ፈልገው ነው የተማሩት?

ይህን ልብ እንበል። ጎጎ የተማሩት ሰው «ጉድ!» እንዲላቸው አልነበረም። ሦስት ዓላማ ነበራቸው።

አንደኛ፣ መጽሐፍ ቅዱስን በራሳቸው ዓይን ማንበብ ፈለጉ። ዘመናቸውን ሙሉ ሌላ ሰው ሲያነብላቸው ነበር የሰሙት።

ሁለተኛ፣ የሚያውቁትን መጻፍ ፈለጉ። አዋላጅነቱና የቅጠሉ ዕውቀት ከእሳቸው ጋር መቃብር እንዲገባ አልፈቀዱም። ወረቀት ላይ ቢሰፍር ለተከታዩ ይተርፋል ብለው አሰቡ።

ሦስተኛ፣ ከትምህርት የቀሩትን ልጆች መመለስ ፈለጉ። መንገድ ላይ ልጅ ሲያገኙ «ለምን ትምህርት ቤት አልሄድክም? ለምን አልሄድሽም?» ይሉ ነበር። «እኔማ አልፎብኛል» የሚል ልጅ ሲገጥማቸው፣ እኔ እየተማርኩ እናንተ እንዴት ያልፍባችኋል እያሉ ይሞግቱ ነበር። ለዚህ መልስ ያለው ልጅ የት ይገኛል?

ስማቸው ከመንደር አልፎ ተሰማ። ፓስካል ፕሊሶን የተባለ ፈረንሳዊ ስለ እሳቸው ፊልም ሠራ። የፊልሙ ስምም «ጎጎ» ነው። ፊልሙ ሲታይ ፈረንሳይ ድረስ በአውሮፕላን ሄዱ። ሄደው ግን በዚያው አልቀሩም። ተመልሰው ደብተራቸውን ያዙ። በ98 ዓመታቸው ስድስተኛ ክፍል ነበሩ። ያን ጊዜ ሲጠየቁ ሐኪም መሆን እንደሚፈልጉ ተናገሩ።

ጎጎ ያረፉት በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. ነው። ዕድሜያቸው 99 ዓመት ነበር። ከክፍል ጓደኞቻቸው ጋር ለፈተና እየተዘጋጁ ነበር። ፈተናው ጥቂት ቀናት ነበር የቀሩት።

አንዳንድ ሰው ይህን ሰምቶ «ታዲያ ፈተናውን ሳይወስዱ ከሞቱ ምን ጠቀማቸው?» ይል ይሆናል። እኛ እንዲህ እንመልሳለን። ጎጎ ከ12 ዓመት በላይ ተምረዋል። በነዚያ ዓመታት ጥግ ይዘው ሞትን ቢጠብቁ ኖሮ ሞት ያው ይመጣ ነበር። ሞት እስኪመጣ ድረስ ግን ኖሩ። ከልጆች ጋር ኖሩ፤ ለልጆች ኖሩ። ዛሬ እኛ ስለ እሳቸው የምናነበው ለዚህ ነው።

ከ100 ነጥብ 98 ያገኙት እናት

ከኬንያ ተነሥተን ባሕሩን እንሻገር። ሕንድ አገር ኬረላ የሚባል ክፍለ ሀገር አለ። እዚያ ካርትያያኒ አማ የሚባሉ እናት ነበሩ። በልጅነታቸው አልተማሩም። በቤተ መቅደስና በሰው ቤት እያጸዱ ልጆቻቸውን አሳደጉ። ባላቸውም ሞቱባቸው። በኋላ ልጃቸው በስልሳ ዓመቷ ገደማ ተምራ ፈተና አለፈች። እናት ይህን አይተው «እኔስ?» አሉ። እናት ልጇን ትከተላለች እንጂ ምን ነውር አለው?

ክፍለ ሀገሩ ለጎልማሶች ያዘጋጀውን የንባብ፣ የጽሕፈትና የሒሳብ ፈተና በ2010 ዓ.ም. ክረምት ተፈተኑ። ዕድሜያቸው 96 ነበር። ውጤቱ ሲወጣ ከ100 ነጥብ 98 አግኝተው አንደኛ ወጡ። የካቲት 29 ቀን 2012 ዓ.ም. የዓለም ሴቶች ቀን ሲከበር የሕንድ ፕሬዚዳንት ሸለሟቸው። ያረፉት በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በ101 ዓመታቸው ነው።

መብራት ያበሩ አያቶች

እዚያው ሕንድ ውስጥ ቲሎኒያ የምትባል የገጠር መንደር አለች። በ1964 ዓ.ም. እዚያ ለድሆች የሚሆን የሥራ ትምህርት ቤት ተቋቋመ። በኋላ ይህ ቤት ከብዙ የአፍሪካ አገሮች የመጡ የገጠር ሴቶችን ተቀበለ። ብዙዎቹ አያቶች ነበሩ። ብዙዎቹም ፊደል አያውቁም፤ የአስተማሪዎቹንም ቋንቋ አይሰሙም።

ታዲያ እንዴት ተማሩ? በማየትና በመንካት ተማሩ። ሽቦው በቀለም ይለያል፤ ቀዩ ከቀዩ ጋር፣ ጥቁሩ ከጥቁሩ ጋር። ስድስት ወር ቆይተው ከፀሐይ ኃይል የሚሠራ መብራት መግጠምና መጠገን ቻሉ። ወደ መንደራቸው ሲመለሱ ጨለማ የነበረው ቤት መብራት አገኘ።

ለምን አያቶች ተመረጡ? ምክንያቱን የትምህርት ቤቱ መሥራች ደጋግመው ተናግረዋል። ወጣት ወንድ ሲሠለጥን የምስክር ወረቀቱን ይዞ ወደ ከተማ ይሄዳል። አያት ግን መንደሯን ጥላ አትሄድም። የተማረችው እዚያው ይቀራል። እንግዲህ «አርጅታለች» የተባለችው ሴት በማርጀቷ ተመረጠች ማለት ነው። ካረጁም እንደሚበጁ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አለ?

የእኛስ እናቶች?

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በአገራችን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. ነው። ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል። ያን ጊዜ ሕፃን አዝለው፣ ጥጥ እየፈተሉ ፊደል የቆጠሩ ሴቶች ብዙ ነበሩ። ያኔ የሠላሳ ዓመት ሴት የነበረች ዛሬ ከሰባ አምስት ዓመት በላይ ሆኗታል። ከእነዚህ መካከል ፊደሉን የረሱ አሉ። ያልታረሰ መሬት አረም ያበቅላል። ያልተነበበ ፊደልም ይጠፋል። ግን መሬቱ አልጠፋም፤ እንደገና ይታረሳል።

በእርጅና ማንበብ ለምን ይጠቅማል? ለኑሮ ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በብዙ ቦታ ለገበሬው የመሬት ይዞታ ደብተር ተሰጥቷል። በብዙው ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስም ተጽፏል። ፎቶግራፋቸውም አለ። ባል ቢሞት የሚስት መብት አብሮ አይቀበርም። ስሟ ተጽፏልና። ነገር ግን ስሟን ማንበብ የማትችል ሴት ስሟ መኖሩን በምን ታውቃለች? አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ይመጣል። «እማማ፣ ይህ የግብር ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ጣትዎን ያሳርፉ» ይላል። ወረቀቱ የኪራይ ውል ሊሆን ይችላል። የስጦታ ውልም ሊሆን ይችላል። ጣት አንዴ ከታተመ በኋላ ክርክሩ ረጅም ነው።

«ሴት ከማጀት፣ ወንድ ከችሎት» ይባል ነበር። ማጀት ያለችውን ሴት ግን ወረቀቱ ማጀት ድረስ ይመጣባታል። ስለዚህ እናቶች ሆይ፣ ይህን አትርሱ፦

1. የማታውቁት ወረቀት ላይ አትፈርሙ፤ ጣትም አታሳርፉ። «ይደር፤ ላስነብበው» በሉ። የሚቸኩል ሰው ካለ የበለጠ ጠርጥሩ።

2. ማንበብ እስክትችሉ ድረስ ለሁለት ሰው ለየብቻ አስነብቡ። የሁለቱ ቃል አንድ ከሆነ መልካም ነው። ካልሆነ ወደ ወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ሂዱ።

3. የመሬት ደብተራችሁ የት እንዳለ እወቁ። ዝናብና አይጥ በማያገኘው ቦታ አስቀምጡት። ስማችሁን በላዩ ላይ ፈልጋችሁ አግኙ።

ከሁሉ በፊት ሊነበብ የሚገባው ቃል የራስ ስም ነው። ስሟን አንብባ፣ ስሟን የጻፈች ሴት ጣቷን በቀለም አትነክርም።

ሌላም ጥቅም አለ። የእድር መዋጮ ስንት እንደተከፈለ ማየት አለ። የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ቀኑ ማለፉን ማየት አለ። የልጅን ስልክ ቁጥር ለይቶ መደወል አለ። ከሩቅ አገር የመጣ የልጅ ደብዳቤን ሌላ ሰው ሳይሰማው ማንበብም አለ። የእናትና የልጅ ምሥጢር በጎረቤት አፍ ለምን ይነበብ?

«ዓይኔ ደክሟል፤ ልቤም አይዝልኝ»

ብዙ እናቶች ይህን ይላሉ። እውነት አላቸው። ግን መላ አለው።

ሰው ከአርባ ዓመት በኋላ የቅርብ ነገር ማየት ይቸግረዋል። ይህ በሽታ አይደለም። የዕድሜ ነገር ነው። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት የተቸገረች ሴት ፊደልም ይደበዝዝባታል። የማንበቢያ መነጽር ይረዳታል። መነጽር እስክታገኝ በሩ አጠገብ፣ በብርሃን ትቀመጥ። ፊደሉ በትልቁ ይጻፍላት። የዓይን ሞራ ከሆነም በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ጤና ጣቢያ ሄዳ ትታይ።

ልብ አይዝም የሚለውስ? በአንድ ቀን ብዙ ፊደል አትያዙ። ዛሬ ሁለት፣ ነገ ሁለት። የትናንቱን ሳትደግሙ ወደ አዲሱ አትሂዱ። ማታ የተማራችሁትን ጠዋት በአመድ ላይ በጣት ጻፉት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ያረጀ ሰው ከልጅ ይልቅ የሚበልጥበት ነገርም አለ። ቃሉን አስቀድሞ ያውቀዋል። ልጅ «ማረሻ» የሚለውን ሲያነብ ማረሻን ገና ይማራል። እናንተ ግን ማረሻውን ታውቁታላችሁ፤ የቀረው ፊደሉ ብቻ ነው።

ዕውቀታችሁንም አስጽፉ። የትኛው ዘር በየትኛው መሬት እንደሚሻል፣ ድርቅ ሲመጣ ምን እንደሚበላ፣ ጎተራ ከነቀዝ እንዴት እንደሚጠበቅ ታውቃላችሁ። ራሳችሁ መጻፍ እስክትችሉ ድረስ ለልጅ ልጃችሁ ንገሩና እሷ ትጻፈው። እሷ ጽሕፈት ትለማመዳለች። እናንተም ያነበባችሁት የራሳችሁን ቃል ስለሚሆን ቶሎ ይገባችኋል። አዋላጆች ደግሞ ያያችሁትን አስጽፉ፤ ወላዷን ግን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱ።

ለቤተሰብም አንድ ቃል አለን

እናቲቱ ብትፈልግ ቤቱ ካልፈቀደላት አትማርም። ውሃ ማን ይቀዳል? ከብት ማን ይመልሳል? የልጅ ልጅ ማን ይይዛል? ጊዜዋን የሚበላው ይህ ነው። ስለዚህ ልጆች፣ ምራቶች፣ ባሎች ሆይ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት ልቀቁላት። ሥራውን ተከፋፈሉት። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ?

ደግሞ አትሳቁባት። «ኧረ ተይ እናቴ፣ በዚህ ዕድሜሽ ምን ያደርግልሻል?» የሚለው ቃል ቀላል ይመስላል። ግን ስንቱን ደብተር አስዘግቷል። ስትሳሳት አርሟት እንጂ አትሳቁ። እሷ እናንተን ቃል ስታስተምር፣ «ውሃ» ማለት አቅቷችሁ «ቡዋ» ስትሉ አልሳቀችባችሁም። ብትስቅም በፍቅር ነበር።

እናቶች ሆይ፣ ጎጎ በ87 ዓመታቸው ገደማ ጀመሩ። እናንተ ስንት ዓመታችሁ ነው? ስልሳ? ሰባ? እንግዲያው ገና ማለዳ ላይ ናችሁ። ካረጁም ይበጃሉ።

አዲስ ቃላት

የልምድ አዋላጅ — ትምህርት ቤት ሳትገባ በልምድ የምታዋልድ ሴት።
የደንብ ልብስ — ተማሪዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አድርገው የሚለብሱት ልብስ።
ይዞታ — ሰው በሕግ የያዘው መሬት።
ውል — ሁለት ሰዎች ተስማምተው የሚፈራረሙት ጽሑፍ።

ተወያዩበት

1. ጎጎ ትምህርት ቤት የገቡት ለምን ነበር? ሦስቱን ዓላማዎች ተናገሩ።
2. ቲሎኒያ ላይ አያቶች የተመረጡት ለምንድን ነው? በእኛ መንደርስ እንዲህ ያለ ሥራ ለማን ይሰጣል?
3. በቀበሌያችን ትምህርት ያቋረጡ ልጃገረዶች አሉ ወይ? ማን ቢያነጋግራቸው ይሰማሉ?
4. የመሬት ደብተራችሁን አምጡ። ስማችሁን ፈልጋችሁ አንብቡ። ከዚያም በደብተራችሁ ላይ አምስት ጊዜ ጻፉት።